የእናቴ ገንፎና የእህቴ አንገት

እኛ ቤት ሚዛን የለም። የእህቴ ውፍረት የሚለካው በማተቧ ነበር። ታላቅ እህቴ ማተቧን እንደ ሌላው ሰው ደረቷ ላይ አታንጠለጥለውም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ሥር ልክክ አድርጋ ነው የምታስረው። ስለዚህ ክሩ ሲጠባት እናቴ ቋጠሮውን ትፈታና ትንሽ ለቀቅ አድርጋ መልሳ ታስረዋለች። ከዚያ ለጎረቤት ታውጃለች።

«ዛሬም አላላሁላት!» ትላለች፣ ገና ደጃፋችንን ያልረገጠች ሴት እንኳ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «በአንድ ወር ሁለት ጊዜ!»

«እሰይ! አራስ እንዲህ ነው የሚታረስ!» ይላሉ ሴቶቹ።

እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ገንፎ ማማሰል ነው። ቀኝ ክንዴ እስካሁን ከግራው ይወፍራል። ጓደኞቼ ስፖርት የምሠራ ይመስላቸዋል፤ እኔም «አዎ» እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እህቴ ያገባችው እብናት ነው። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ስለሆነ ሆዷ ሲገፋ ወደ እኛ ወደ ደብረ ታቦር መጣችና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗን ደፍና ክርስትና ስትነሣ የእህቴ አማት ከእብናት መጡ። አንገታቸው እስከ አገጫቸው የተነቀሰ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ቃል የማያባክኑ ሴትዮ ናቸው። ነገር የተበላሸውም በእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

እህቴ ያን ሰሞን ከስታ ነበር። መክሳት ብቻ አይደለም። እጇ ይንቀጠቀጣል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ እኛን ጥርሳችንን እያንገጫገጨን እሷን ያልባታል። ልጅቷ ተኝታ እንኳ እሷ አትተኛም። «ልቤ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ነው የሚመታ» ትል ነበር። እናቴ «ጡት ነው፤ ልጅቷ መጥጣ ጨረሰቻት» ብላ ፈርዳ ጨርሳለች።

አማቷ ግን ምራታቸውን ከራስ እስከ እግር አዩና፣ «እኛ አገር አጨዳ ስትውል የከረመች እንጂ የታረሰች ሴት እንዲህ አትመስልም» አሉ።

ምነው ሰድበዋት ቢሄዱ! እናቴ ፈገግ ብላ ጠላ ጨመረችላቸው። እንግዶቹ ሲሸኙ ግን ወገቧን ይዛ ቤቱ መሐል ቆመች።

«አትሄድም! በሩ እስኪጠባት ድረስ ከዚህ ቤት አትወጣም!»

የእህቴ ባል መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ስለነበር፣ «ይሁን፣ እኔ እስክመለስ ትቆይ» አለ በስልክ። አማቷም ተስማሙ። እህቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፈው? ጠዋት ገንፎ። ረፋድ ላይ አጥሚት። ምሳ እንደ ሰው። ከምሳ በኋላ አብሽ። ማታ ደግሞ «ሆዷ ባዶውን አይደር» ተብሎ እንደገና ገንፎ። ሌላ ቤት ገንፎው መሐል የሚቆፈረው የቅቤ ጉድጓድ የቡና ሲኒ ያህላል። የእናቴ ግን ጣና ነበር፤ የቀረው ጀልባ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ለውጥ አልታየም። አራተኛው ወር ገደማ ግን እህቴ እውነትም መወፈር ጀመረች። ፊቷ ሞላ፤ ዓይኗ ሥር ሞላ፤ አንገቷ ሞላ። እናቴ አዲሱን ነገር ሁሉ እንደ ሽልማት ትሰበስበው ጀመር። እህቴ ቀን ከሌት ብትተኛ፣ «ጠገበች፣ ምን ታድርግ!» ፀሐይ በጠራበት ቀን ሁለት ጋቢ ደርባ ብትቀመጥ፣ «ገላዋ ለስልሶ ብርድ እምቢ አላት።» ድምጿ ቢጎረንን፣ «የእመቤት ድምፅ አወጣች።» ዝም ብትል፣ «አራስ ጨዋ ስትሆን ያምርባታል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ግን ማመን አቃተኝ። እህቴና ጨዋነት!

እህቴን የማውቃት በስድቧ ነው። አግብታ ስትሄድ ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር። እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ጎበዝ የሆንኩ ቀን «የተቀቀለ ድንች» ነኝ፤ ያጠፋሁ ቀን «የበሰበሰ ድንች»፤ አዲስ ቀሚስ ስለብስ «ለገበያ የታጠበ ድንች»። ድንች የሞላበት አገር ስለተወለድን ምሳሌ አጥታ አታውቅም። አንድ ቀን አጥሚት ይዤ ስገባ እግሬ መጋረጃው ላይ ተጠለፈና ትኩሱን አጥሚት ቀሚሷ ላይ ደፋሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ድንቹን ጠበቅሁ።

«ምንም አይደል» አለች።

ዓይኔን ገለጥኩ። ቀሚሷን እንኳ አላየችውም። እኔ ያን ዕለት ነው የፈራሁት። እናቴን «እማ፣ እህቴ እኮ መሳደብ ትታለች» ብላት፣ «ተመስገን በይ!» አለችኝ።

ከዚያ በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ግን የልጅቷን ለቅሶ ሰማሁ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ። መጋረጃውን ስገልጥ ልጅቷ መደቡ ላይ ተንጋላ ፊቷ እስኪቀላ ታለቅሳለች። እህቴ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ተቀምጣ ታያታለች።

ልጅቷን አንሥቼ አባበልኳት። በረዶው ጋብ ሲል እህቴ በዚያ በጎረነነ ድምጿ፣ «እሰማታለሁ እኮ» አለችኝ። «ግን የጎረቤት ልጅ የምታለቅስ ነው የሚመስለኝ። እናቷ መጥታ እስክታነሣት እጠብቃለሁ።»

«እናቷማ አንቺ ነሽ!»

«አውቃለሁ።» ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበችው። «ለማንም እንዳትናገሪ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ። ምን ላድርግ? በእኛ ቤት ማርያምን ብሎ መማል ቁልፍ ነው፤ አፍ ከተቆለፈ ተቆለፈ።

ለምን እንደደበቀች ገብቶኛል። አንዲት ሴት ስትወልድ የሚመጣው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። እንዲህ የተባለች ሴት፣ ልጇም ጤነኛ፣ ቅቤውም ሐይቅ ሆኖ እያለ «ከፋኝ» ብትል ምን ይሏታል? ስለዚህ እህቴ «ማርያም ታኑርልኝ» እያለች ገንፎዋን ትበላለች። እኔ አማስላለሁ። እናቴ ማተብ ታላላለች።

ልጅቷ ስድስት ወር ሲሞላት ከእብናት መልእክት መጣ። የእህቴ ባል ሊመለስ ነው፤ አማቷም በሁለተኛው እሁድ መጥተው ምራታቸውን ይወስዳሉ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም።

«ያን ቀን ነው የምጠብቀው! አንቺ፣ ፀጉሯን ሥሪያት። እኔ ነኝ ያለ ሹሩባ ይሁን።»

ሹሩባ ላይ ሰፈራችን ውስጥ የሚያህለኝ የለም፤ ስኮራ ነው ብላችሁ እለፉት። እህቴን ጉልበቴ መሐል አስቀምጬ ማበጠሪያውን አንድ ጊዜ ሰደድ ሳደርግ፣ ፀጉሯ ተከትሎኝ መጣ። ሁለተኛ ስሰድ ደግሞ እፍኝ ሙሉ። የወደቀ ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም ተብለን ነው ያደግነው፤ እየጠቀለልኩ የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ኪሴ አበጠ። አሥራ ሁለት ቀጫጭን ላወጣ ያሰብኩት ሹሩባ አምስት ሆኖ ቀረ፤ እሱንም የሳሳውን እየሸፈንኩ ነው። እህቴ ምንም አላወቀችም። ራሷን ጉልበቴ ላይ ጥላ ተኝታ ነበር።

በማግሥቱ ልጅቷ ጤና ጣቢያ ጠብታ መውሰድ ነበረባት። እናቴ ገበያ ስለሄደች ልጅቷን እኔ አዘልኳት፤ እህቴ ተከተለችን። ጤና ጣቢያው ድሮ እህቴ ሦስት ስድብ ሳትጨርስ የምንደርስበት ቦታ ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች።

ክትባት ክፍል ያለችው ሲስተር ወፍራም፣ ሣቂታ ሴት ናት። ለልጅቷ ጠብታዋን ሰጠቻት፤ መዘነቻት፤ «ጎሽ የኔ ድንቡሼ!» አለቻት። ከዚያ ካርዱ ላይ እየጻፈች ቀና አለችና እህቴን፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እህቴ።

«እሱማ ይመስገን። አንቺ ግን እንዴት ነሽ?»

እህቴ ወለሉን እያየች፣ «ደህና ነኝ» አለች።

ስድስት ወር ሙሉ ስንት አራስ ጠያቂ ቤታችን ገብቶ ወጥቷል። ይቺን ጥያቄ ሁለት ጊዜ የጠየቃት ሰው ግን ያቺ ሲስተር ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ማርያምን ብያለሁ። አፌ ተቆልፏል። ኪሴ ግን አልማለም።

ያን ጥቅልል ፀጉር አወጣሁና የክትባት ካርዱ ላይ ዘረገፍኩት።

«ውይ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሲስተር።

«ፀጉሯ ነው። የአንድ ቀን ነው።»

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። የበሰበሰ ድንች እንድትለኝ ስንት ጊዜ በልቤ ለመንኳት መሰላችሁ? አላለችኝም። እንባዋ ብቻ ወረደ።

ሲስተሯ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ውጭ ተራ የሚጠብቁት እናቶች አጉረመረሙ፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። ወንበሯን ወደ እህቴ አስጠጋች። ብርድ ይበዛብሻል? ሆድሽ ይደርቃል? ከዚህ በፊትስ ከስተሽ፣ ልብሽ እየመታ፣ እያላበሽ ነበር? እህቴ ራሷን እየነቀነቀች «አዎ፣ አዎ» ትላለች። ሲስተሯ ማተቡን ወደ ጎን አድርጋ አንገቷን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ «እስኪ ዋጥ አድርጊ» አለቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ራስሽን ወይ ልጅቷን ልጉዳ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ልጅቷን ኧረ በፍጹም!» አለች እህቴ። የጋቢዋን ጫፍ እየጠቀለለች ደግሞ፣ «እኔ ግን ስተኛ ባልነቃ እላለሁ» አለች።

እዚህ ላይ የማውቀው ቀልድ ሁሉ ጠፋብኝ። ልጅቷን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።

ሲስተሯ አልደነገጠችም፤ አልተቆጣችም። የእህቴን እጅ ይዛ ቀስ ብላ አስረዳቻት። አንገታችን ላይ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ይሏታል። የሰውነትን እሳት የምታነድ እሷ ናት። አንዳንድ ሴት ስትወልድ ይቺ ዕጢ ትታመማለች። መጀመሪያ እሳቱን ታንቦገቡገዋለች፤ ሴትየዋ ትከሳለች፣ ልቧ ይመታል። ከዚያ ደክማ እሳቱ ይዳፈናል፤ ሴትየዋን ይበርዳታል፣ ታብጣለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሐሳቧም አብሮ ይጨልማል።

«ሐዘኑም ሕመም ነው» አለቻት። «ከዕጢዋ ጋርም ይመጣል፣ ለብቻውም ይመጣል። ጥጋብ አይደለም፤ ኃጢአትም አይደለም። ስንቷን አይቻለሁ መሰለሽ! አሁን ሆስፒታል ሄደሽ ደም ትሰጫለሽ። እኔ ጋ ደግሞ በየሳምንቱ መጥተሽ እናወራለን። እስከዚያ ብቻሽን አትሁኚ።» ወደ እኔ ዞረች። «ባለ ፀጉሯ፣ ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍራሼን አንሥቼ እህቴ አልጋ ሥር አነጠፍኩ። (ስለ መሐላው በኋላ ለንስሐ አባታችን ነግሬያቸው፣ «ኪስ አይምልም» ብለው ሥቀዋል።)

ደሙ ባሕር ዳር ተልኮ ውጤቱ የመጣው አማቷ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ሲስተሯ የጠረጠረችው ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘና፣ «በየጠዋቱ፣ በባዶ ሆድ። ምግብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም እናያለን፤ እስከዚያ ከክትትል እንዳትርቅ» አለ።

እናቴ ይህን ስትሰማ የትኛው ላይ እንደምትናደድ ቸገራት።

«ዕጢ? አንገቷ ላይ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ጨምሩበት እንጂ! ደግሞ ከገንፎዬ በፊት? የእኔ ገንፎ ለክኒን ተራ ሊጠብቅ?»

«እማ፣ ታማለች እኮ» አልኳት።

«ማን ነው የታመመ? ይቺን የመሰለች ሴት? እንዲህ የሚያፋፋ ሕመም ካለ ለእኔም ይምጣልኝ!» ክኒኑን ነጥቃኝ የጤፍ እንስራው ውስጥ ከተተችው። «ለአማቷ ትንፍሽ ብትይ ውርድ ከራሴ! ይዛው ትሂድና እዚያው ትዋጠው። ‹በሽተኛ አደረጓት› ልባል ነው?»

ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እህቴ እሁድ ከሄደች ክኒኑን ተደብቃ ነው የምትውጠው፤ ሲያልቅ ዝም ትላለች። ሲስተሯ የለች፣ እኔ የለሁ። ልጅቷ ስታለቅስ ማን ሮጦ ያነሣታል?

እሁድ አማቷ መጡ። ገና ከበሩ ገባ ሳይሉ እልልታቸውን አቀለጡት። ቃል የማያባክኑት ሴትዮ እህቴን ዙሪያዋን እየዞሩ አዩአት።

«እንዲህ ነው እንጂ! ያቺን የአጨዳ ሴት የት ጣላችኋት? ኧረ እጅዎ ይባረክ! ያረሱ እርስዎ!»

ይኸው፤ እናቴ ክረምት ከበጋ የለፋችበት ቃል መጣ። ፊቷ ግን እንደጠበቅሁት አልበራም።

«በሉ ዕቃዋን አሰናዱ፤ መኪናው ከሰዓት ይነሣል» አሉ አማቷ።

ይሄኔ ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ልነሣ ስል እናቴ ጉልበቴን ይዛ አስቀረችኝ። እህቴን ነበር የምታየው። ሁላችንም ጠበቅን። እህቴ አልተነሣችም። አንገቷን ወደ መጋረጃው አዙራ፣ በትዕግሥት፣ እናቷ መጥታ እስክታነሣት ትጠብቃለች።

እናቴ እጇ ከጉልበቴ ላይ ወደቀ።

«እሜቴ» አለች ወደ አማቷ ዞራ። «አብጣ እንጂ ወፍራ አይደለም። ልጄ ታማብኛለች። እኔ ገንፎውን ሳይ፣ ገንፎውን ሳይ፣ እሷን ሳላይ ቀረሁ።»

ተነሥታ ጤፉ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ክኒኑን አወጣች። ሮጬ ልጅቷን አምጥቼ ስመለስ፣ አማቷ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላይ ገለጥ አድርገው ንቅሳታቸውን አሳዩን።

«ሦስተኛዬን ወልጄ አንድ ክረምት ሙሉ ግድግዳ ሳይ ነው የከረምኩ። ምች ነው አሉኝ። ዛር ነው አሉኝ። ሲጨንቃቸው አንገቴን ነቀሱኝ።» ዳበስ አደረጉት። «አማረብኝ እንጂ አልተሻለኝም።»

እናቴ ልትሥቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች።

«ይሣቁ እንጂ!» አሏት። ወዲያው ግን ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ያን ልጅ አላቀፍኩት። እስከ ዛሬ ‹እናቴ ወንድሞቼን ነው የምትወድ› ይላል። ያ ልጅ የዚችው የምራቴ ባል ነው።» የእህቴን እጅ ይዘው ክኒኑን አስጨበጧት። «መድኃኒቱ እዚህ ከሆነ አንቺም እዚህ ነሽ። ባልሽ ከፈለገ እዚህ ይምጣና ሴት ልጁን ይዘል።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ገንፎውን ግን ይቀንሱላት እንጂ! ሰው ናት፤ የፋሲካ በሬ አይደለች!»

እናቴ ይቺን ስድብ ስትውጥ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቤታችን ውስጥ አዲስ ሥርዓት ገባ። እናቴ ክኒኑን በእጇ ትሰጣለች፤ ከዚያ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደቂቃ ትቆጥራለች። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ ሰሃን ካነሣሁ፣ «ገና ስምንት ደቂቃ አለ! ገንፎ ይጠብቅ!» ትለኛለች። የሐኪም ሚስት መሰለች። በየሳምንቱ እህቴ ሲስተሯ ጋ ገብታ ታወራለች፤ እኔ ደጅ ልጅቷን ይዤ እዞራለሁ። አንዳንዴ አልቅሳ ትወጣለች፣ አንዳንዴ ዝም ብላ። አንድ ቀን እናቴ ማንም ያላያት መስሏት የእህቴን ማተብ ፈትታ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ለጎረቤት አላወጀችም።

ክኒኑን ከጀመረች ሁለተኛው ወር እያለቀ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ እንደ ልማዴ እያማሰልኩ ልጅቷ አለቀሰች። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ። መጋረጃው ጋ ስደርስ አንድ ክርን ጎኔን ጎሽሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ።

«ወዲያ በይ፣ አንቺ የበሰበሰ ድንች!» አለች እህቴ፣ ልጅቷን አንሥታ ትከሻዋ ላይ እየጣለች። «የኔ ናት አላልኩሽም?»

ኧረ አላለችኝም! ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ አላለችኝም። ገንፎው እንዳረረም አላስታወስኩም።